በስንዴ አገር ከዳቦ ጋር መኳረፍ
(ሁሩታ ላይ የተሞከረ የ42 ቀን ዳይት)

ሰሞኑን ሁለትና ሦስት ወጣቶች ቡና ይዘው በተቀመጡበት ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም። «ካርቦ አቁሜአለሁ!» አንዷ እንጀራ ተወች፣ አንዱ ዳቦን ፈታ፣ ሌላው ደግሞ ከሥጋና ከእንቁላል በቀር አልቀምስም ብሎ ማለ። ከወር በኋላ ሦስቱንም ብትጠይቋቸው አንዷ «አምስት ኪሎ ቀነስኩ!» ትላለች፣ አንዱ «ራስ ምታቱ ሊገለኝ ነበር፣ ተውኩት» ይላል፣ ያ የማለው ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ ማኮሮኒ ላይ ተደፍቶ ይገኛል። ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው ያለው? ነገሩን ከወሬ ይልቅ በራሴ ሆድ ልየው ብዬ 42 ቀን ሞክሬዋለሁና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ያለሁት ሁሩታ ነው። አገሩን ለማታውቁ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ኢተያ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ የምታገኟት የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴ ነው፣ ገብስ ነው፣ እንደገና ስንዴ ነው። ከኛ ብዙም የማይርቀው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ስንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረውና የድሮ ሰዎች «ካዱ» የሚሉት የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ካስለመደ ወዲህማ አርሲ የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ተብላለች። እንግዲህ አስቡት፣ እዚህ አገር ተቀምጦ «ዳቦ አልበላም» ማለት ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ አላውቅም እንደማለት ነው!

የኛ ቤት የቀን ውሎ ይህን ይመስላል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው። አራት ሰዓት ላይ ቡና ሲፈላ ቆሎ። ምሳ እንጀራ። መክሰስ አምባሻ። ማታ ደግሞ ያው እንጀራ። እንግዳ ከመጣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጩኮ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለዋለ ገበሬ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። እኔ ግን የምሠራው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከምሳ በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ዐይኔን ይጫጫነኛል፣ አእምሮዬ ይፈዛል፣ ብዕሩም እጄ ላይ ያንቀላፋል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሆኖ ኪሎዬ 74 ደርሶ ነበር። ወገቤ በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ 92!

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

ካርቦሃይድሬት የሚባለው እንጀራው፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ድንቹ፣ ስኳሩ... ሆዳችን ውስጥ ሲገባ ተፈጭቶ ስኳር የሚሆነው ምግብ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ትለቃለች። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም አንስቶ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባል፣ የተረፈውም ወደ ስብ ጎተራ ይሄዳል። ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ባለበት ሰዓት ከጎተራው ስብ ማውጣት ይከብዳል። ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱ ሰዎች የሚከተሉት ሐሳብ እንግዲህ ይኼው ነው፤ ስኳሩን አሳንሰህ ስቡ እንዲቃጠል በሩን ክፈትለት።

ነገሩ የዛሬ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን የቀብር አስፈጻሚ ነበር። 92 ኪሎ ያህል ሆኖ ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር አቅቶት ሲቸገር፣ አንድ ሐኪም ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተው አለው። በአንድ ዓመት ውስጥ 20 ኪሎ ገደማ ቀነሰና እ.ኤ.አ. በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የሚያስቀው ነገር፣ ስዊድኖች «ለመክሳት መጾም» ለማለት ዛሬም የሚጠቀሙበት «ባንታ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚህ ሰው ስም ነው። በአርሲ ስንዴ እንዲበዛ የረዱን ስዊድኖች፣ ዳቦ መተውን ደግሞ በባንቲንግ ስም ይጠሩታል! ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት አትኪንስ መጽሐፍ ጽፎ ነገሩን ዓለም ላይ በተነው።

ሒሳቡ

ያለ ሒሳብ ዳይት የለም። በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት የበላ ሰው በአብዛኛው «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» ከሚባለው ውስጥ ይገባል። «ኪቶ» የሚባለው ጥብቁ ዓይነት ደግሞ ከ50 ግራም በታች የሚወርድ ነው። እኔ የመረጥኩት የመጀመሪያውን ነው፤ ጥብቁ ለኛ ኑሮ አይሆንም።

እስቲ እንቁጠር። አንድ ትልቅ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን ወደ 100 ግራም የሚሆን ካርቦሃይድሬት አለው። ሁለት እንጀራ የበላ ሰው ሌላ ሳይጨምር ከልኩ አልፏል ማለት ነው። 100 ግራም የስንዴ ዳቦ 50 ግራም ገደማ አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሆነችው የለስላሳ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ናት። ያቺ «ምን አላት?» የምንላት የገብስ ቆሎ ከክብደቷ ከሦስት እጅ ሁለቱ ካርቦሃይድሬት ነው። በሌላ በኩል እንቁላል አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፣ ሥጋ ምንም የለውም፣ ጎመንና ቆስጣ በጣም ትንሽ ነው፣ አቮካዶም ካለው ካርቦሃይድሬት አብዛኛው ለሆድ የሚበጀው አሰር ነው።

የጀመርኩት ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ነው። ለምን ቢሉ፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከዚያች ሰኞ እስከ ጰራቅሊጦስ እሑድ ስትቆጥሩ ልክ 42 ቀን ይመጣል። እንቁላል፣ አይብና ሥጋ ለመብላት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል?

ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል በቃሪያና በቆስጣ። ቡና ያለ ስኳር። (ኦሮሞ አባቶቻችን ቡናን በቅቤ ሲያጣጥሙ የኖሩ ናቸው፤ ያለ ስኳር አይጠጣም ያለ ማነው?) ምሳ ግማሽ እንጀራ፣ ወጡ ግን ሞልቶ፦ ጎመን፣ አይብ፣ ሽሮ፣ በሳምንት ሁለቴ ሥጋ። ማታ ያለ እንጀራ፣ ሰላጣ በአቮካዶ ወይም እርጎ ከተረፈው ጎመን ጋር። ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቆሎ፣ ለስላሳ... ደህና ሁኑ!

የመጀመሪያዋ ሳምንት

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀኖች ፈተና ናቸው። በሁለተኛው ቀን ራሴን ጭንቅ አድርጎ ያዘኝ። ጉልበቴ ዛለ። ሰው ሲያናግረኝ ቶሎ ቱግ እላለሁ። ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ሰውነት ውሃና ጨው አብሮ ያስወጣል፤ ስለዚህ ውሃ ደህና አድርጎ መጠጣትና ወጥ ውስጥ ጨው ፈጽሞ አለማጥፋት ይረዳል። (ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን የጨውን ነገር ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካ።) የሆድ ድርቀትም አለ፤ መድኃኒቱ ጎመንና ተልባ ነው። ጥብቁን ዓይነት የሚከተሉት ደግሞ ትንፋሻቸው ይለወጣል፤ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ሽታ ነው።

በሰባተኛው ቀን ሚዛን ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ ጎድያለሁ! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ጉበትና ጡንቻችን ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሳምንት ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። «በሳምንት አምስት ኪሎ!» እያሉ የሚፎክሩትን ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት ሌላ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። በ42ኛው ቀን 70 ኪሎ ነበርኩ፤ ወገቤም ከ92 ወደ 87 ወረደ። በኋላ አመጋገቤን ትንሽ ሳላላ አንድ ኪሎ ተመለሰ፣ እሱም ያ ውሃ ነው። የቀረው ሦስት ኪሎ የኔ ድርሻ ሆኖ ሄዷል።

የጉልበቱ ነገርስ? ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከምሳ በኋላ ያ ጭጋግ ቀለለኝ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ከወጣበት ቁልቁል ሲወርድ የሚመጣው ድካምና ድንገተኛ ረሃብ ቀነሰ። ጠዋት እንቁላል በልቼ እስከ ምሳ ቆሎ ሳላስብ መዋል ችያለሁ። ግን ደግሞ እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። ከቀትር በኋላ ትንሽ መድከም የሰው ልጅ የውስጥ ሰዓት ያመጣው ነገር ነው፤ ምሳ ያልበላም ሰው ያንቀላፋል።

«ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው?»

ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ የሰው አፍ ነው። በኛ አገር ሰው ሲወፍር «ተመችቶሻል» ይባላል፣ ሙገሳ ነው። ሲከሳ ግን ወሬ ነው። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቁማኝ ክንዴን ጨብጣ «ምነው ከሳሽ እናቴ? አሞሽ ነው? ወይስ የልብ ነገር?» አለችኝ። ዳይት ላይ ነኝ ብላት አላመነችም። በማግሥቱ እማዬ ቤት መጥታ በሹክሹክታ «ልጅሽን አሳክሚ» ብላት ሄደች።

እማዬም ተቀየመች። «በስንዴ አገር ተወልደሽ፣ በዳቦ አድገሽ፣ ዛሬ ዳቦ ነውር ሆነብሽ?» አለችኝ። ነገሩ እውነት አለው። እኛ ኑሮን ራሱን «እንጀራ» ብለን ነው የምንጠራው። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወጣ ይባላል፣ ሥራ ያጣ እንጀራው ተቋረጠ ይባላል። እናት ለጋገረችው እንጀራ ጀርባ መስጠት ለእናት ጀርባ የመስጠት ያህል ይሰማታል። ስለዚህ ተስማማን። የእማዬ ጉርሻ አይመለስም፤ አንድ፣ በዝቶ ሁለት፣ አጎንብሼ እቀበላለሁ። እሷ ደግሞ ሁለተኛ እንጀራ አትደርብብኝም። እናንተም ብትሞክሩት ቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አኩርፎ መብላት ከውፍረት የባሰ በሽታ ነው።

ቀልድ የሌለበት ቦታ

አሁን የምነግራችሁን ግን እባካችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት አክስት አሉኝ። በየቀኑ ግሊቤንክላሚድ የሚባል ክኒን ይውጣሉ። እኔ መክሳቴን ሲያዩ ደስ አላቸውና «ልጄ፣ እኔም ከነገ ጀምሮ እንጀራ ትቻለሁ፤ ስኳሩም ይሄድልኛል» አሉኝ። «እትዬ፣ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አንዲት ጉርሻ እንዳይቀንሱ» አልኳቸውና በማግሥቱ ይዣቸው ጤና ጣቢያ ሄድን።

ለምን መሰላችሁ? ይህ ክኒንም ሆነ የኢንሱሊን መርፌ የደም ስኳርን ወደ ታች የሚያወርዱ ናቸው፤ መጠናቸው የሚሰላው ሰውየው ከሚበላው ጋር ነው። ምግቡ በድንገት ሲቀንስ መድኃኒቱ ግን እንዳለ ከቀጠለ፣ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰው ይደናገራል፣ አልፎም ራሱን ይስታል። ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠማችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ለስላሳ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ሩጡ።

አክስቴን ያዩአቸው ባለሙያ ሐሳቡን አልነቀፉትም። ካርቦሃይድሬት መቀነስ የደም ስኳርን እንደሚያሻሽል የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሰነድ ተቀብሎታል። ያሏቸው ቀስ በቀስ፣ በየጊዜው እየተለኩ፣ ክኒኑም በሐኪም እየታየ ይሁን ነው። ዛሬ እትዬ በሁለት እንጀራ ፈንታ አንዷን ይበላሉ፣ ሻዩንም ያለ ስኳር ለምደዋል፣ ቀጠሯቸውንም አያሳልፉም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ እነዚህም ያለ ሐኪም ምክር እንዳይሞክሩት።

ሯጮቻችንስ?

«ካርቦሃይድሬት መርዝ ነው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ወደ አርሲ አምጡልኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የበቆጂ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች አመጋገብ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሚበሉት ጉልበት ከ60 በመቶ በላይ የሚመጣው ከካርቦሃይድሬት ነው። ቦርጭ ያለው አይታችኋል? እነሱ የበሉትን ሩጫው ይበላዋል። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፤ ልዩነቱ ከማዕድ ተነስተን የምንሄድበት ቦታ ነው።

ሌላም ጥናት አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ስብ እንዲቀንስ፣ ሌላውን ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ አድርገው አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ጎደሉ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የነጣ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረው ነበር። እንግዲህ ምሥጢሩ የዳይቱ ስም ሳይሆን ሰው ሳይሰለች የሚዘልቅበት መሆኑ ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስ ለኔ የሠራው እንቁላሉና አይቡ ቶሎ ስለሚያጠግብ፣ ቆሎውና ለስላሳውም ስለቀረ በጠቅላላው ያነሰ ስለበላሁ ነው። አስማት የለውም።

ጾም ሲገባና ኪስ ሲሳሳ

ከጰራቅሊጦስ ማግሥት የሐዋርያት ጾም ገባ። እንቁላል የለ፣ አይብ የለ። ያኔ ነው ሽሮ ዋጋዋን ያሳየችኝ። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ካርቦሃይድሬትም አላት፣ ግን ከነአሰሩ ስለሆነ እንደ ዳቦ አትጣደፍም። ግማሽ እንጀራ፣ ወፈር ያለች ሽሮ ወይም ምስር፣ ብዙ ጎመን፣ አቮካዶ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ተልባ። በረመዳን የምትጾሙ ደግሞ ስታፈጥሩ ሳምቡሳውንና ጣፋጩን ልክ አበጁለት፤ ሾርባውንና ሥጋውን አስቀድሙ፣ ሱሁር ላይም እንቁላልና እርጎ ብትበሉ ቀኑ ይቀልላችኋል።

«ሥጋና እንቁላል በየቀኑ ማን ይችላል?» ለምትሉኝ፣ እውነት ነው፣ አይቻልም። ግን የለስላሳው፣ የኬኩና የብስኩቱ ብር ሲጠራቀም ጥቂት እንቁላል ይገዛል። ጎመን ደግሞ ዛሬም ከድሀ ጓሮ አልጠፋም።

ለመሞከር ለምታስቡ ምክሬን ባጭሩ ልስጥና ልሰናበት።

አንደኛ፣ ከስኳር ጀምሩ። ለስላሳውንና የሻዩን ስኳር ብቻ የተወ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ እንጀራን አትፍቱት፣ አሳንሱት። ወጡን አብዙ፣ እንጀራውን መጠቅለያ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ብቻ ውጡ፤ ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ሚዛን ውሃውንም ስብ አስመስሎ ይናገራል።

አራተኛ፣ በእግር ሂዱ። ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳር ከፍ እንዳይል ይረዳል፣ እንቅልፉንም ያባርራል።

አምስተኛ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ዳይት።

እኔ ዛሬ በግማሽ እንጀራዬ ቀጥያለሁ። እሑድ ግን ድፎ ዳቦ ሲቆረስ አንዲት ቁራጭ አይቀርብኝም፤ የሁሩታ ስንዴ ነዋ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ቦርጭም ቀስ በቀስ ይሄዳል። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ቸር ሰንብቱ!